ሦስቱ ልጆች ለሦስት ቤት

ግንቦት 26 ቀን 2017

እማ ዘምዘምን ዛሬ ቀበርናቸው፤ ዓረፋ ሦስት ቀን ሲቀረው። ጉንፋን ነው እያሉ አምስት ቀን ተኙ። የሳንባ ምች መሆኑን አውቄ መካነ ሰላም ሆስፒታል እንዲሄዱ ወረቀት ጽፌላቸው ነበር። «ልጆቹን ለማን ጥዬ?» ብለው ወረቀቱን አጣጥፈው ትራሳቸው ሥር ከተቱት። በስድስተኛው ቀን አለፉ። በዚህ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። እንዲህ ያለውን ሞት ገና አልለመድኩትም ብል ውሸት ይሆናል።

የልጅ ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። ፈርሂያ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል። ፊርደውስ አሥራ አንድ። አህመዲን አራት። አባታቸው ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። እናታቸው ሀጀራ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ከጥር ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል።

ከቀብር መልስ ቅሬው እዚያው ግቢ ውስጥ ተቀመጠ። ሰው ሲሞት የሚቀብረውም፣ የቀረውን የሚደግፈውም ይኸው ቅሬ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። ከመሀሉ አምስት ሰው ተመርጠን የችግረኛ ልጆች ኮሚቴ ከሆንን ሁለት ዓመት አልፎናል። ሰብሳቢው ሼህ መሐሙድ ናቸው፤ ጸሐፊዋ እኔ።

«እነዚህ ልጆች ዛሬ የት ያድራሉ?» አሉ ሼህ መሐሙድ።

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ሰኔ ሊገባ ነው፤ የማንም ጎተራ ሙሉ አይደለም።

«ሦስቱን አንድ ላይ የሚችል ቤት የለም። አንድ አንድ እንውሰድ» ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሉም እፎይ አለ። ሼህ መሐሙድ አህመዲንን ወሰዱ። ፊርደውስን መለሰ ወሰዳት፤ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነው፣ የወግዲ ሰው፣ ሚስቱ አራስ ናት። ፈርሂያን ከወንዙ ማዶ ያለው አያ ሃሩን ወሰዳት። ሀብታም ነው፣ ሚስቱ ኡምኩልሱም ሴት ልጅ የላትም። ከሁሉም የተሻለው ቤት የደረሳት ለእሷ ነው።

አንዲት አሮጊት ከኋላዬ «ልጅም እንደ ቅርጫ ይካፈሉት ጀመር?» ሲሉ ሰማሁ። ዞር ብዬ ማን እንደሆኑ አላየሁም።

አህመዲን የፈርሂያን ቀሚስ ጨምድዶ ይዞ አልለቅ አለ። ፈርሂያ አላለቀሰችም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከቀሚሷ ላይ አላቀቀቻቸውና ለሼሁ ሰጠቻቸው።

ጋሹ ወደ ቤት ስንመለስ «የልጃችን ክፍል ባዶ ነው እኮ» አለኝ። ልጃችን ደሴ ኮሌጅ ገብታለች።

«እስላም ናቸው። የሥጋው፣ የዕርዱ ነገር እንዴት ይሆናል?» አልኩት።

«መለሰስ ክርስቲያን አይደለም?»

ቀድሜው ገባሁ። ደክሞኝ ነበር። ባሌ አናጢ ነው፤ ሁሉ ነገር ተለክቶ የሚገጥም ይመስለዋል። ደግሞም የዝውውር ማመልከቻዬ ወረዳ ከገባ ስድስተኛ ወሩን ይዟል።


ሰኔ 2

የሕፃናት የክንድ ልኬት። ቀይ ላይ ያረፉ፣ በረሃብ ክፉኛ የከሱ ሰባት ልጆች። ባለፈው ወር ሦስት ነበሩ። አልሚ ምግቡ ለአራት ይበቃል። ለየትኞቹ አራት?


ሰኔ 6

ፈርሂያን መንገድ ላይ አገኘኋት። የሁለት ሰው እንስራ አዝላ። እጇ ተሰነጣጥቋል። የእማ ዘምዘም ቤት ሥራ ቀላል ነበር፤ ትለምደዋለች።

«አህመዲን ይበላል?» አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ይበላል፣ አብሽሪ። ማክሰኞ ፈተና ነው፣ እያነበብሽ ነው?»

«ማታ ማታ» አለች። ያነበበች አይመስለኝም።


ሰኔ 11

መለሰ ጤና ኬላ ድረስ መጣ፣ ፊቱ ጠቁሮ።

«ፈርሂያ ትናንት ተፈትና ዛሬ ቀረች።»

«አሞያት ይሆናል።»

«ሰው ላክሁ። እንግዳ ስለመጣባቸው ነው አሉ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና በእንግዳ ይቀራል? ከክፍሏ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ ናት፣ በዛች!»

ኮሚቴው እንዲነጋገርበት ማስታወሻ ያዝኩ። ከሃሩን ጋር መጋጨት ለማንም አይጠቅምም። ባለፈው ዓመት ለቀይ ልጆች ገብስ የሰጠው እሱ ነው።


ሰኔ 14

ኡምኩልሱምን ገበያ ላይ አገኘኋት። እንግዶቹ ከወረኢሉ የመጡ የወንድሟ ቤተሰቦች ናቸው። «ልጅቱ ብቻዬን አልተወችኝም፤ ወላሂ እጅ አላት» አለችኝ። አዲስ ቀሚስ ገዝታላታለች፣ አረንጓዴ። የሰው ልጅ እንዲህ አድርጎ የሚያለብስ ስንቱ ነው?

ስለ ፈተናው ልጠይቃት ብዬ ሰው በዛ።


ሰኔ 21

ሀጀራ ደወለች።

ጤና ኬላው በር ላይ ካርድ እየሞላሁ ነበር። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ ነው የዋለው። ስልኩ ረጅም ቁጥር አሳየኝ።

«በዛች፣ እኔ ነኝ። ሀጀራ።» በሹክሹክታ ነው የምታወራው። አሠሪዎቿ ስልኳን በጥር ነጥቀዋታል። የምትደውለው ጎረቤት በምትሠራ የወሎ ቦረና ልጅ ስልክ ነው። የእናቷን ሞት ሰምታለች። ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም።

«ልጆቼ አንድ ላይ ናቸው?»

«አንድ ላይ ናቸው» አልኩ።

«ማን ቤት?»

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። «እኔ ቤት።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «አንቺ ቤት? አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። በዛችዬ፣ ነገ ከዚህ ቤት ወጥቼ ወደ አገሬ መልሱኝ ልል ነበር። አብራኝ ያለችው ልጅ መንገዱን አሳይታኛለች። አንቺ ካለሽማ የቀረችኝን አንድ ዓመት እችላታለሁ። ፈርሂያን አገናኚኝ።»

«ውሃ ወርዳለች።»

«ፈተናዋስ?»

«ተፈትናለች።» እሱ እንኳ ግማሹ እውነት ነው።

«ጀዛኪላህ፣ አላህ ልጅሽን…» ስትል ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፣ አይሠራም። አሥር ጊዜ ሞከርኩ።

እውነቱን ብነግራት ምን ልታደርግ ትችል ነበር? ሰው ማረጋጋት ሥራዬ ነው። የሚሞት ሰው እንኳ ሲጠይቀኝ «ይሻልዎታል» ነው የምለው።

ግን እኮ ልትመጣ ነበር።


ሰኔ 23

ለጋሹ ነገርኩት። መላጊያውን አስቀምጦ አየኝ።

«እንግዲያው ውሸቱን እውነት አድርጊዋ። ዛሬውኑ ሄደን እናምጣቸው።»

«ከነሐሴ በኋላ ይታያል» አልኩት። ነሐሴ ላይ ምን እንዳለ አልጠየቀኝም። ወረዳ ላይ ዝውውር የሚወሰነው በነሐሴ መሆኑን ያውቃል።


ሰኔ 27

ኮሚቴ። ልጆቹ አንድ ላይ ቢሆኑ ብዬ ሐሳብ አነሳሁ። አያ ሃሩን ተቆጣ። «ልጅቱን ካጎረስናት ገና ወሯ ነው። ምን ጎደለባት? ከፋኝ ብላሻለች?»

«አላለችም።»

ሼህ መሐሙድ ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ላይ ይሁኑ ማለትሽ መልካም ነው። የት ይሁኑ?»

«ላስብበት» አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በቀጣይ እንዲታይ» ብዬ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው።


ሐምሌ 3

ሰብሉ ገና ቡቃያ። ሰው ጎመን እየበላ ነው። የቀይ ልጆች ቁጥር አሥራ አንድ።


ሐምሌ 8

ከወረዳ እንግዳ መጣ። ኮሚቴያችን አርአያ ተብሏል። «ማኅበረሰቡ በራሱ አቅም ሦስት ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ተቀብሎ…» እያለ ሰውየው ንግግር ሲያደርግ እናታቸው በሕይወት አለች ልለው ነበር። ሰው ንግግር ሲያደርግ አይቋረጥም።

ለፎቶ ሦስቱን በአንድ አቆሟቸው። ከተለያዩ ወዲህ አንድ ላይ ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነው። አህመዲን ፈርሂያን ሲያይ የሮጠው አሯሯጥ! ፎቶው ሲያልቅ እንደገና ማላቀቅ ነበረብን። ፊርደውስ የመለሰን ልጅ እንደታቀፈች ነው ፎቶ የተነሳችው።

ፈርሂያ እጇ ላይ ሂና ተቀብታለች፣ እስከ አንጓዋ ድረስ። ዓረፋ ካለፈ አርባ ቀን ሊሆነው ነው፤ መውሊድ ገና ነው። ልጃገረድ ስለሆነች ደስ ብሏት ይሆናል። ኡምኩልሱም አጠገቧ ቆማ ሻርፗን ስታስተካክልላት እያየሁ፣ እናት አገኘች ብዬ አሰብኩ። ወይም እንዲያ ብዬ ማሰብ ፈለግኩ።


ሐምሌ 14

ኡምኩልሱም አንድ ቅል ቅቤ ይዛልኝ መጣች። ወሬ ወሬ ካለች በኋላ፦

«በዛችዬ፣ የዚህችን ልጅ ዕድሜ የምታውቂ አንቺ ነሽ። ቀበሌ ቢጠይቁሽ አሥራ ስምንት አይሆናትም?»

«ለምኑ?»

«ለመታወቂያ ነዋ። ሰው መታወቂያ ያወጣ የለ?»

«መዝገብ ሳላይ መናገር አልችልም» አልኳት።

«አይ፣ መዝገብ ብሎ ነገር! ቁመናዋን አታዪም?» ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?


ሐምሌ 15

መዝገቡን አየሁት። ከቁም ሳጥኑ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ፍለጋም አላስፈለገው። ፈርሂያ፣ የተወለደችው ሚያዝያ 9 ቀን 2002፣ የእናት ስም ሀጀራ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ያኔ ጽሕፈቴ ቆንጆ ነበር። ሀጀራን ያዋለድኳትም እኔ ነኝ፤ ከሥልጠና ወጥቼ ብቻዬን ካዋለድኳቸው አንዷ ናት።

መልሼ ቆለፍኩት። እስካሁን ከኡምኩልሱም በቀር ማንም አልጠየቀኝም።


ሐምሌ 22

ፈርሂያ መጣች። ራሴን ያመኛል አለች። ትኩሳት የላትም። ክኒን ሰጠኋት፣ ለእጇም ቅባት። አልሄደችም።

«እትዬ በዛች፣ ጤና ኬላው ውስጥ ሰው ማደር ይችላል?»

«ወላድ ካልሆነች አይቻልም።»

«አንቺ ቤትስ?»

«ምን ሆንሽ? ኡምኩልሱም ተቆጣችሽ?»

«ኧረ የለም። ጥሩ ናቸው።»

«እንግዲያው?»

የቅባቱን ክዳን ከፍታ ዘጋች። ከዚያ «መዝገቡ ላይ ስንት ዓመቴ ነው?» አለች።

«አሥራ አምስት።»

«ለሚጠይቅሽ ሁሉ እንዲሁ ትያለሽ?»

«ማን ይጠይቀኛል ብለሽ ነው?»

ደጅ ላይ ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይጠብቁኝ ነበር። «ነገ ተመለሺና እናወራለን» አልኳት። ነገ አልመጣችም እንዳልል ገና ነገ አልሆነም።


ሐምሌ 23

አልመጣችም።


ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል። ከቅዳሴ ስመለስ ሼህ መሐሙድ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው። በሰባ ዓመታቸው ያን ወንዝ ተሻግረው ከሃሩን ቤት መምጣታቸው ነው።

«ሃሩን ኒካህ እሰርልኝ ብሎኛል» አሉ። «ለኡምኩልሱም ወንድም ልጅ፣ ወረኢሉ ከብት የሚነግደው። ከሳዑዲ የተመለሰው። ሠላሳ ያልፈዋል። ልጅቱ ትንሽ ናት ብላቸው በዛችም አልተቃወመች አሉኝ። እውነት አልተቃወምሽም?»

«መዝገቡን ላመሳክር ብያቸው ነበር» አልኩ። መዝገቡን ካየሁት አሥራ ስምንት ቀኔ ነው።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ አምስት።»

«ያ አላህ!» ብለው ምርኩዛቸውን መሬት ወጉ። ከዚያ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «እኔ አላስርም። እኔ እምቢ ብል ግን ወረኢሉ ወስደው ያስራሉ። ስለዚህ ነገ ሁላችንም ሃሩን ቤት እንሂድ። እኔ፣ መለሰ፣ ቄስ ኪዳነማርያምም ይመጣሉ። አንቺ መዝገቡን ይዘሽ ነይ። የሁላችንንም ፊት አይቶ እምቢ አይልም። ልጅቱንም ይዘናት እንመለሳለን።»

«የት እናደርጋታለን?» አልኩ።

ሼሁ ትንሽ አዩኝ። «እሱን ነገ ትነግሪናለሽ» አሉ።


ነሐሴ 4

ሌሊቱን የጀመረ ዝናብ ጧትም አላባራም። ወንዙ ሞልቷል። አልሄድኩም። መዝገቡ ውሃ ከነካው የአንድ ቀበሌ ልጅ ሁሉ ዕድሜ ይጠፋል።

«ሼሁ እኮ ተሻግረዋል» አለ ጋሹ።

ማምሻውን መለሰ መጣ። ሄደው ነበር፣ ሦስቱም። አያ ሃሩን «ዕድሜዋን የምታውቀዋ የታለች?» ብሎ ሲጠይቃቸው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ማክሰኞ እንደገና ተቀጥሯል። መለሰ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ማክሰኞ እሄዳለሁ።


ነሐሴ 5

መካነ ሰላም ደርሼ መጣሁ። የክትባት ርክክብ።


ነሐሴ 6

ፈርሂያ የለችም።

ጎሕ ሳይቀድ ወጥታለች። ከጎረቤት ቀበሌ ሁለት ልጃገረዶች አብረዋት ጠፍተዋል። አንዷ ጂዳ እህት አላት። ደላላ ከደሴ እንደላከላቸው እናቶቻቸው ዛሬ ነው የሰሙት።

መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልዬ ታቅፌ ሃሩን ግቢ ስደርስ ነው የሰማሁት። ሼሁና ቄሱ ደጅ ቆመው ነበር። 


ነሐሴ 7

መለሰና ጋሹ ደሴ ሄዱ። መስጊዱ አስነገረ፣ ቄስ ኪዳነማርያም ከቅዳሴ በኋላ አስነገሩ። ከዓረብ አገር የተመለሱት ሁሉ የሚያውቁትን ሰው ስልክ እያወጡ ባቲም ሎጊያም ይደውላሉ። አያ ሃሩን ራሱ በቅሎውን ጭኖ በአቀስታ በኩል ወጣ። ለፍለጋው ያልወጣ ቤት የለም። ግንቦት 26 ግን ያ ሁሉ ሰው መሬት መሬቱን ያይ ነበር።


ነሐሴ 8

አራጌ፣ የጤና ኬላው ጥበቃ፣ ዛሬ ነገረኝ። ከሰኞ ጀምሮ ሊነግረኝ ፈልጎ ፈርቶኝ ነበር።

«ሰኞ እለት መጥታ ነበር። ከጧት ጀምሮ እስከ ስድስት ሰዓት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችሽ። 'መቼ ትመለሳለች?' አለችኝ፤ 'ከተማ ወርዳለች፣ አላውቅም' አልኳት። 'ስትመጣ መጥታ ነበር በላት' ብላ ሄደች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ተርቧት ነበር መሰለኝ። ዳቦ ሰጠኋት።»


ነሐሴ 9

ሰኞ መካነ ሰላም የሄድኩት ለክትባት ርክክብ አልነበረም። ይህንን ደብተር ማንም አያነበውም፤ ለማን እንደዋሸሁ አላውቅም። ዝውውሬን ልከታተል ነው የሄድኩት። ወንዙን ተሻግሬ ነው የሄድኩት፤ ለመካነ ሰላምም ለሃሩን ቤትም ያው ወንዝ ነው። እሑድ ሞልቶብኝ የነበረው ሰኞ ጎደለልኝ። የቢሮው ጸሐፊ «ዘንድሮ ሳይሳካልሽ አይቀርም» አለችኝ። እየቀለለኝ ነው የተመለስኩት። በመንገድ ላይ አንጎራጎርኩ እንኳ።


ነሐሴ 12

ጋሹና መለሰ ተመለሱ። የአንድ አውቶቡስ ረዳት ሦስት ልጃገረዶች ኮምቦልቻ ላይ ሲወርዱ አይቷል። ከዚያ በባቲ በኩል በጭነት መኪና። ሎጊያ ያለ የአንድ ተመላሽ ወዳጅ፣ ሐሙስ ሌሊት አንድ ቡድን ወደ በረሃው መውጣቱን ሰምቷል። የማን ቡድን እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ኡምኩልሱም መጣች። ዓይኗ አባብጧል። «ክፉ አስቤ አይደለም፣ በዛች። እናቷ እንደተንከራተተችው በሰው አገር ከምትንከራተት ባል ይሻላታል ብዬ ነው። እኔስ በአሥራ አራቴ አይደል የተዳርኩት?»

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። የምቆጣበት አፍ አልነበረኝም።


ነሐሴ 20

ፊርደውስና አህመዲን እኛ ቤት ናቸው። ጋሹ ሁለቱን አምጥቶ ልጃችን ክፍል አስገባቸው፤ እኔን አልጠየቀኝም። በመንገድ ላይ ኮሚቴው ተስማምቷል፣ ሼሁ መርቀዋል። ቀላል ነበር። ግማሽ ቀን አልፈጀም።

አህመዲን ሲተኛ ይሸናል፣ በሕልሙ ይጮሃል። ፊርደውስ አዎ እና አይ ብቻ ናት። «ከመሄዷ በፊት አይተሻት ነበር?» ስላት በር በሩን ታያለች።


ነሐሴ 28

የዝውውር ደብዳቤው ደረሰ። ከመስከረም 10 ጀምሮ፣ መካነ ሰላም ከተማ ጤና ጣቢያ። አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅሁት። ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጥኩት አለ። ጋሹ አንብቦታል።

ቀይ ልጆች ዘጠኝ። ሁለት ወጥተዋል፤ አንዷ ድና፣ አንዱ ሞቶ።


ጳጉሜን 1

ደብዳቤውን ለወረዳ መለስኩት፤ አልሄድም ብዬ። የቢሮው ጸሐፊ «ለሕፃናቱ ብለሽ ነው አይደል? እግዜር ይስጥሽ» አለች። ሪፖርት ላይ እንዳይገባ ለመንኳት። ፎቶው ግን ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል፤ ሦስቱም አሉበት።


ጳጉሜን 3

ጧት ዝናብ ነበር። ሩፋኤል ነው፤ የሠፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ዝናቡ ውስጥ ሲጨፍሩ አህመዲንም ሳቅ እያለ አብሯቸው ወጣ። ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያኔ ነው ስልኩ የጠራው። ረጅሙ ቁጥር።

«በዛች! ሰላም ናችሁ? ልጆቼ ሰላም ናቸው? ዛሬ ብዙ ደቂቃ አለኝ።»

ልዋሽ እችል ነበር። ሁለቱ እኔ ቤት ናቸው፤ ፈርሂያ ውሃ ወርዳለች ብል ያምነኛል። ቁጭ አልኩ። ከግንቦት 26 ጀምሬ ነገርኳት። አንድ አንድ እንውሰድ ያልኩት እኔ መሆኔን። ስትደውል የዋሸኋትን። ፈተናውን፣ ሂናውን፣ ቅቤውን፣ መዝገቡን። ልደር ብላ ነገ ነይ ማለቴን። ሰኞ የት እንደነበርኩ። የቀረኝ የለም፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል ብቻ አልተናገርኩትም፤ ምን ላደርግበት?

አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ምንም አይሰማም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሀጀራ?» አልኩ።

«አለሁ።»

እዚያ አገር የለመደችው ይሁን አላውቅም፣ ትእዛዝ እንደምትቀበል ሰው በደረቅ ድምፅ ተናገረች።

«የመን ያሉ የአገራችን ልጆች አሉ። በጀልባ የሚደርሱትን ይጠይቁልኛል፤ ባሕር የተፋውንም ያዩልኛል። ምን ለብሳ ነበር ልበላቸው?»

አላወቅኩም። ጤና ኬላዬ በር ላይ ግማሽ ቀን የጠበቀችኝን ልጅ አላየኋትም። አራጌን ልጠራ ተነሳሁ። ፊርደውስ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ ከየት ጀምራ እንደሰማች አላውቅም። መጥታ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

«እማ» አለች። «እኔ ነኝ። አይቻታለሁ። የሄደች ሌሊት መጥታ በመስኮት ጠርታኝ ነበር። ቀሚሷ አረንጓዴ ነው፣ አዲሱ። ሻርፗ ጥቁር። እጇ ላይ ሂና አለ፣ ግን እየለቀቀ ነው። ጫማው ደግሞ የኔ ነው፣ ሰማያዊው ኮንጎ። የሷ ተበጥሶ ስለነበረ ሰጠኋት። ይጠባታል።»